የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «የሌሊት ዘብ» ከሩሲያ ሲወጣ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ዝግጅት ክፍሎች። ሩሲያ የተማረ ወዳጄ «የሌሊት ዘብ» የሚባለውን ፊልም አንስቶ አይጠግብም። አገሩን ያነጋገረ፣ የገቢ ሪከርድ የሰበረ ፊልም ነው ይላል። ሌሎቹ ጓደኞቼ ግን ስሙን እንኳ አልሰሙም። ለመሆኑ ይህ ፊልም በውጭ ተመልካች ዘንድ ተወዷል? ካልተወደደስ ምን ጎደለው?

መልስ፦ ተወዷል፤ ነገር ግን በአገሩ የተወደደውን ያህል አይደለም። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እንደሚባለው «ሩሲያዊነቱ ስለበዛ» አይመስለንም። ሩሲያዊነቱማ የውጭ ሰው ከሁሉ አብልጦ የወደደለት ነገር ነው። የጎዳው ታሪኩ የተነገረበት መንገድ ነው።

ለማያውቁት አንባቢዎች በአጭሩ እንግለጸው። ፊልሙ ሰርጌይ ሉክያኔንኮ በ1998 ካሳተመው ልቦለድ የተወሰደ ነው (በዚህ ዓምድ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዳይሬክተሩ ቲሙር ቤክማምቤቶቭ ነው፤ በ1990ዎቹ በሩሲያ ስሙን የተከለው በባንክ ማስታወቂያዎች ነበር። በዛሬዋ ሞስኮ አስማተኞች፣ ደም መጣጮችና መልካቸውን የሚለውጡ ፍጡራን ከሰው ተቀላቅለው ይኖራሉ። ከፊሎቹ የብርሃን፣ ከፊሎቹ የጨለማ ወገን ናቸው። ከመተላለቅ ይልቅ ውል ተፈራርመዋል፤ ብርሃኖቹ ሌሊት ጨለማዎቹን ይጠብቃሉ፣ ጨለማዎቹ ደግሞ ቀን ብርሃኖቹን። አንቶን ጎሮዴትስኪ የሌሊቱ ዘብ ባልደረባ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የሩሲያ ቴሌቪዥን «ፔርቪ ካናል» መጀመሪያ ያሰበው በተከታታይ የሚተላለፍ ድራማ ነበር፤ በኋላ ወደ ሲኒማ ፊልም ተለወጠ። በጀቱ 4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ከጁላይ 2004 ጀምሮ በአገር ውስጥ ታይቶ 16 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ፤ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ገቢ ያስገኘ የሩሲያ ፊልም አልነበረም። ሩሲያ በዚያው ዓመት ለኦስካር የውጭ ቋንቋ ዘርፍ ያቀረበችውም ይህንኑ ፊልም ነው፤ ከመጨረሻዎቹ አምስት ዕጩዎች ውስጥ ግን አልገባም። በዓለም ዙሪያ ያገኘው ገቢ ሲደመር 34 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ግማሽ ያህሉ የመጣው ከሩሲያ ውጭ ነው፤ በ4 ሚሊዮን ዶላር ለተሠራ ፊልም ይህ ትልቅ ስኬት ነው። የአሜሪካ ድርሻ ግን 1.5 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር።

አሜሪካ ላይ ሲደርስ «አሜሪካውያን የግርጌ ጽሑፍ ማንበብ አይወዱም» የሚለው መልስ ቶሎ ይመዘዛል። እውነትነት አለው፤ ግን ሁሉን አያስረዳም። «የሌሊት ዘብ» አሜሪካ የገባው በፌብሩዋሪ 2006 ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የጊዬርሞ ዴል ቶሮ «ፓንስ ላቢሪንት» ገባ። እሱም በባዕድ ቋንቋ (በስፓኒሽ)፣ እሱም በግርጌ ጽሑፍ፣ እሱም ምናባዊ፣ እሱም ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ የማይገባበት ነው። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ37 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ ሦስት ኦስካርም ወሰደ። ልዩነቱ ምንድን ነው? በስፓኒሹ ፊልም አንዲት ልጅ አለች፤ ሦስት ፈተና ይሰጣታል፤ ተመልካቹ ከእሷ ጋር እያወቀ ይሄዳል። ስለ ስፔን ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ በእያንዳንዱ ትዕይንት «አሁን የምንፈልገው ምንድን ነው?» ቢባል መመለስ ይችላል።

«የሌሊት ዘብ» ውስጥ ግን ሦስት ታሪክ ባንድ ላይ ይሮጣል፦ ደም መጣጮች በጥሪ የሚስቡት ልጅ ዬጎር፣ እርግማን የተሸከመችው ስቬትላና፣ በሁለቱ ወገን አለቆች በጌሴርና በዛቩሎን መካከል ያለው ድብቅ ጨዋታ። ሦስቱም የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ሕጎቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ድርጊቱ ካለፈ በኋላ ነው የሚነገሩት። መጽሐፉን አንብቦ የገባ የሩሲያ ተመልካች ክፍተቱን ከራሱ እየሞላ አየ። የውጭው ተመልካች የሚሞላበት አልነበረውም።

የተወደደለትስ? ቀለሙ የተላጠ የሞስኮ አፓርታማ ደረጃ፣ ከቄራ ሠራተኛው የሚገዛ የአሳማ ደም፣ የዘቡ መኪና ሆኖ የሚያገለግለው የከተማ መብራት ድርጅት ቢጫ መኪና፣ ከአውሮፕላን ተፈታ እስከ ቡና ሲኒ ድረስ የምትወርደው ብሎን። አስማት በቤተ መንግሥትና በጫካ ሳይሆን የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሚመስል ክፍል፣ በደከማቸው ሠራተኞች እጅ ሲሠራ ማየት ለብዙ የውጭ ተመልካች አዲስ ነገር ነበር። ፊልሙ ሞስኮን አጥቦ «ማንኛውም ከተማ» ለማስመሰል ቢሞክር ኖሮ ይህን ሁሉ ባጣ ነበር።

ለተከታዩ ፊልም የሆነውን ስታዩ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። «የቀን ዘብ» ጃንዋሪ 1 ቀን 2006 ሩሲያ ውስጥ ወጣ፤ በአገሩ 32 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አገኘ፣ ማለትም የመጀመሪያውን እጥፍ። የዓለም ድምሩ ግን ከ38 እስከ 39 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በአሜሪካ ግማሽ ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። የውጭው ድርሻ ከግማሽ ወደ አንድ ስድስተኛ ገደማ ወረደ። በምስል ከመጀመሪያው የሚያንስ ሆኖ አይደለም፤ በሞስኮው «ኮስሞስ» ሆቴል ግድግዳ ላይ መኪና የሚነዳበት ትዕይንት ዛሬም ይወራል። ነገር ግን የመጀመሪያውን በደንብ ያልተረዳ ሰው ሁለተኛውን ለማየት ምክንያት አልነበረውም።

ስልቱ ራሱ ለውጭ ሰው የሚከብድ እንዳልነበረም ማስረጃ አለ። ቤክማምቤቶቭ በ2008 «ዎንትድ» የተባለውን ፊልም ከአንጀሊና ጆሊና ከጄምስ ማካቮይ ጋር በሆሊውድ ሠራ። ያው የሚገለባበጥ መኪና፣ ያው ጥይትን የሚከተል ካሜራ፣ አንቶንን የተጫወተው ኮንስታንቲን ሃቤንስኪ እንኳ በትንሽ ሚና አለበት። በዓለም ዙሪያ ከ340 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። እርግጥ በጀቱም 75 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ቢሆንም ታሪኩ «ተራው ሰው ገዳይ ሆኖ ሠለጠነ» ተብሎ ባንድ መስመር ያልቃል።


ጥያቄ፦ ፊልሙን ጀምሬ ግማሽ ላይ ማን ማንን እንደሚያሳድድ ጠፋኝና ተውኩት። እንደገና ልሞክረው እፈልጋለሁ። ከማየቴ በፊት ምን ማወቅ አለብኝ?

መልስ፦ ብዙ አይደለም። ከዚህ በታች ያለውን አንብበው ቢገቡ የታሪኩን ፍጻሜ አያበላሽብዎትም፤ በመንገድ የሚጠፋብዎት ግን ይቀንሳል።

ውሉ የተፈረመው በመካከለኛው ዘመን ነው፤ መክፈቻው ላይ የሚያዩት የድልድይ ላይ ጦርነት እሱ ነው። ቀጥሎ ያለው ትዕይንት በ1992 ነው፤ አንቶን ገና ተራ ሰው ሳለ፣ ጥላው የሄደችውን ሚስቱን ለማስመለስ ጠንቋይ ቤት ይሄዳል። ይህን ትዕይንት በትኩረት ይዩት፤ አንዲት ቃል አታምልጥዎ። የፊልሙ ሁሉ ቋጠሮ እዚያ ነው፤ ብዙ ሰው ግን እንደ መግቢያ ቆጥሮ በግማሽ ልብ ያሳልፈዋል። ከዚያ 12 ዓመት ያልፋል።

«ልዩዎቹ» ማለት ኃይሉ ያላቸው ሁሉ ናቸው። አንድ ልዩ ኃይሉን ባወቀ ጊዜ ብርሃን ወይም ጨለማ የመሆን ምርጫው የራሱ ነው፤ ማስገደድ ክልክል ነው። ሁለቱም ወገን ዬጎርን የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ደም መጣጮች ሰው ለማደን የሌሊቱን ዘብ ፈቃድ ይሻሉ፤ አዎ፣ ብርሃኖቹ ናቸው ፈቃዱን የሚሰጡት፤ የውሉ አካል ነው። ያለ ፈቃድ ያደነ ይቀጣል። አንቶን ደም የሚጠጣው ደም መጣጭ ስለሆነ አይደለም፤ አዳኙ ለታዳኙ የሚያሰማውን ጥሪ ለመስማትና ዱካውን ለመከተል ነው።

«ድንግዝግዝ» የሚባለው ከዓለማችን ጀርባ ያለ ሽፋን ነው። ልዩዎቹ ብቻ ይገቡበታል፤ ብዙ የቆየበትን ሰው ጉልበት ይመጠዋል። ትንኞች ሲርመሰመሱ፣ ቀለሙ ሲደበዝዝ ካዩ እዚያ ገብተዋል ማለት ነው።

ስቬትላና ላይ የሚዞረው አውሎ ነፋስ እርግማን ነው። ማን እንደረገማት እስካልታወቀ አይነሳም፤ ካልተነሳ ደግሞ ከተማውን ያጠፋል። የእሷ ታሪክና የዬጎር ታሪክ እኩል እየተፈራረቁ ይሄዳሉ፤ ግማሽ ላይ የጠፋብዎትም ምናልባት እዚህ ነው፤ ካሜራው ሳያስጠነቅቅ ካንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ስቬትላና ያለችበት ትዕይንት «የከተማው አደጋ»፣ ዬጎር ያለበት «የምርጫው ነገር» ብለው በሐሳብዎ ለይተው ይያዙት።

ስም ከበዛብዎ አራት ይበቃል፦ አንቶን፣ ዬጎር፣ ጌሴር (የብርሃን አለቃ)፣ ዛቩሎን (የጨለማ አለቃ)። ጉጉት ሆና የምትመጣውና ሴት የምትሆነው ኦልጋ አምስተኛ ትሁን።

አንድ ነገር እንጨምር፤ የሩሲያ ተመልካች ያለ ማብራሪያ የሚያገኘው ደስታ ስለሆነ። ጌሴርን የሚጫወተው ቭላዲሚር ሜንሾቭ «ሞስኮ በእንባ አታምንም» የተባለውን፣ በ1981ዱ ሥነ ሥርዓት ኦስካር የተሸለመውን ፊልም ያዘጋጀ ሰው ነው። ፀጉር አስተካካዩን ደም መጣጭ የሚጫወተው ኢሊያ ላጉቴንኮ የታወቀ የሮክ ዘፋኝ ነው። የጨለማዋን አሊሳን የምትጫወተው ዣና ፍሪስኬም ፖፕ ዘፋኝ ነበረች። የአገሩ ሰው እነዚህን ፊቶች ሲያይ አዳራሹ ይንጫጫል። የውጭ ሰው ሳያውቅ ቢያልፍ ታሪኩ አይጎድልበትም።


ጥያቄ፦ የፊልም ክበብ አለን። «የሌሊት ዘብ»ን በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ልናሳይ አስበናል። ሁለት ችግር ገጠመን። አንደኛ፣ የተለያዩ ቅጂዎች አሉ፤ የትኛውን እንምረጥ? ሁለተኛ፣ ከኢንተርኔት ያገኘነው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ይገጥምና እየቆየ ይዛነፋል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ በቅጂው እንጀምር። ፊልሙ ሁለት መልክ አለው። አንዱ በሩሲያ የታየው ነው። ሌላው የአሜሪካው ፊልም ኩባንያ ፎክስ ሰርችላይት ለውጭ ገበያ ያወጣው፣ እንደገና የተቀናበረው ነው፤ አንዳንድ ትዕይንት ተቆርጦለታል፣ መክፈቻው ላይ በእንግሊዝኛ የሚተርክ ድምፅ ገብቶለታል። የውጭው ቅጂ የሚታወቀው በግርጌ ጽሑፉ ነው። ጽሑፉ እንደተለመደው ከታች ተለጥፎ የሚቀር ሳይሆን የምስሉ አካል ሆኖ ተሠርቷል። ዬጎር መዋኛ ገንዳ ውስጥ ሳለ ደም መጣጯ ስትጠራው ቃሉ ቀይ ሆኖ ይመጣና ውኃ ላይ እንደ ወደቀ ደም ይሟሟል። ሌላ ቦታ አንድ ሰው ሲያልፍ ፊደሎቹን ጠርጎ ይዟቸው ይሄዳል። የማንበብን ድካም ወደ ትዕይንት ለመለወጥ ከተሞከሩት መንገዶች ይህን የሚያህል ጥቂት ነው፤ ለውጭ ተመልካች የተደረገ እውነተኛ እንክብካቤ ነው እንላለን።

ለእናንተ ሥራ ግን የሚመቸው ያለ ጽሑፍ ንጹሕ ምስል ያለው ቅጂ ነው። በሚንቀሳቀስ እንግሊዝኛ ላይ አማርኛ ብትደርቡ ስክሪኑ በሁለት ቋንቋ ይጨናነቃል፤ ዓይን የቱን እንደሚከተል አያውቅም። መለያው ቀላል ነው፦ በማጫወቻው ላይ ጽሑፉን «አጥፋ» ስትሉት ከጠፋ ለብቻው ያለ ጽሑፍ ነው፤ ካልጠፋ ምስሉ ላይ የተቀረጸ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ ሌላ ቅጂ ፈልጉ። በእንግሊዝኛ ድምፅ የተቀዳውንም ተዉት። የሃቤንስኪ ትወና ግማሹ የደከመ ድምፁ ውስጥ ነው።

ስለ መዛነፉ፣ መጀመሪያ ዓይነቱን ለዩ፤ መድኃኒቱ ይለያያልና። ፊልሙን በ10ኛው፣ በ30ኛውና በ60ኛው ደቂቃ ላይ አቁማችሁ ጽሑፉ ከንግግሩ በስንት ሰከንድ እንደሚቀድም ወይም እንደሚዘገይ መዝግቡ።

ልዩነቱ በሦስቱም ቦታ አንድ ከሆነ መነሻው ብቻ ነው የተሳሳተው፤ መላውን ጽሑፍ በዚያው ሰከንድ ወደፊት ወይም ወደኋላ ግፉት።

ልዩነቱ እኩል እያደገ ከሄደ የፍሬም ፍጥነት ጉዳይ ነው። ሲኒማ የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው፤ በዲጂታል ፋይል ላይ ብዙ ጊዜ 23.976 ሆኖ ይገኛል። በአውሮፓ ለቴሌቪዥንና ለዲቪዲ ሲዘጋጅ ግን በ25 ይሮጣል፤ ፊልሙ በ4 በመቶ ገደማ ያጥራል ማለት ነው። ለ25 የተጻፈ ጽሑፍ በ23.976 ምስል ላይ ከተጫነ ጽሑፉ ይቀድማል፦ በ10ኛው ደቂቃ 25 ሰከንድ ገደማ፣ በአንድ ሰዓት ላይ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ። የእናንተ ቁጥር ለዚህ ከቀረበ እያንዳንዱ ጽሑፍ የሚመጣበትንና የሚጠፋበትን ሰዓት በ1.0427 አባዙት። ጽሑፉ በተመሳሳይ መጠን የሚዘገይ ከሆነ በ0.959 አባዙት። «ሰብታይትል ኤዲት» የተባለው ነፃ ፕሮግራም የፍሬም ፍጥነት መቀየሪያ ስላለው በእጅ ማስላት አያስፈልግም።

ሦስተኛው ዓይነት ጽሑፉ በትክክል ሲሄድ ቆይቶ አንድ ትዕይንት ላይ ድንገት የሚዘልበት ነው። ይህ የሚሆነው ጽሑፉ ለሩሲያው ቅጂ ተሠርቶ እናንተ የውጭውን ስታጫውቱ፣ ወይም በተገላቢጦሹ ነው። ፍጥነት በመቀየር አይስተካከልም። የዘለለበትን መስመር አግኙ፣ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ባንድ ላይ ግፉ፣ ወደሚቀጥለው ዝላይ ተሻገሩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተሳስቶ በፍጥነት ሊያስተካክል ይሞክርና የተገጠመውንም ያበላሻል።

ወደ ትርጉሙ ስንመጣ፣ ከተቻለ ከሩሲያኛው ንግግር ተርጉሙ። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ለንባብ ፍጥነት ተብሎ የታጨደ ነው፤ ከታጨደው ላይ ስትተረጉሙ እናንተም ታጭዱታላችሁ፤ ያንጊዜ ሕጎቹን የሚያስረዱት አጫጭር ሐረጎች ናቸው ቀድመው የሚጠፉት። ይህ ፊልም ደግሞ እነሱን ካጣ አይገባም። ሩሲያኛ የሚያውቅ ሰው ካላገኛችሁ ሁለት የተለያዩ የእንግሊዝኛ ትርጉሞችን እያመሳከራችሁ ሥሩ።

መጠኑን በተመለከተ፣ በላቲን ፊደል የተለመደው ወሰን በአንድ መስመር 42 ፊደል፣ ቢበዛ ሁለት መስመር ነው። የእኛ ፊደል ሰፊ ነው፤ አንዱ ፊደልም ተነባቢውንና አናባቢውን ባንድ ላይ ስለሚይዝ በጥቂት ፊደል ብዙ ይነገራል። ስለዚህ በመስመር ከ28 እስከ 32 ፊደል እንመክራለን። አንድ ጽሑፍ ከ1 ሰከንድ ባነሰ አይታይ፤ ከ7 ሰከንድም አይለፍ። ከዚያ በላይ ከቆየ ተመልካቹ መልሶ ማንበብ ይጀምርና ምስሉ ያመልጠዋል። ትዕይንት ሲቀየር ጽሑፉም አብሮ ይጥፋ። ቤክማምቤቶቭ ምስሉን ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያይር ይህ በየቦታው ያስቸግራችኋል፤ በጣም በፈጠነ ቦታ ላይ ንግግሩን ማሳጠር ጽሑፉን በሦስት ቁራጭ ከመበተን ይሻላል። በዚህ ፊልም የአማርኛ ግሥ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ መምጣቱም ያስቸግራል፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር ለሁለት ከተከፈለ የመጀመሪያው ቁራጭ ያለ ግሥ ይንጠለጠላል። ለሁለት አጫጭር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ቀይሩት።

ፋይሉን በኤስአርቲ መልክ፣ በዩቲኤፍ-8 ኮድ አስቀምጡ። አማርኛው በጥያቄ ምልክት ወይም በተደናበረ ምልክት ከታየ ኮዱ ሌላ ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ባዶ ሳጥን ከታየ ግን ማጫወቻው የመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጭናችሁ ምረጡት። የፊደሉ ቁመት ከምስሉ ቁመት አንድ ሃያኛ ገደማ ይሁን፤ 1080 ለሆነ ምስል ወደ 54 ፒክስል ነው። ነጭ ፊደል ከወፍራም ጥቁር ጠርዝ ጋር ይሁን። ድንግዝግዙ ውስጥ ያሉት ትዕይንቶች ግራጫና ጭጋጋማ ስለሆኑ ጠርዝ የሌለው ፊደል ይዋጣል።

ከማሳየታችሁ በፊት ሌላ ሰው፣ ጽሑፉን ያልሠራ፣ ድምፁን ዘግቶ መጀመሪያ ያለውን ግማሽ ሰዓት በጽሑፍ ብቻ ይየው። ታሪኩን መልሶ መናገር ካልቻለ ችግሩ ትርጉሙ ላይ ነው። ለሕዝብ ለማሳየት ደግሞ ከመብቱ ባለቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ዲስክ መግዛት ብቻውን የማሳየት መብት አይሰጥም።


ጥያቄ፦ መጽሐፉን ቀድሜ ላንብብ ወይስ ፊልሙን ልይ?

መልስ፦ ፊልሙን ይዩ፤ ከዚያ ያንብቡ። መጽሐፉ ሦስት ረጅም ታሪኮች ያሉት ነው፤ የመጀመሪያው ፊልም በዋነኛነት ከአንደኛው ታሪክ፣ «የቀን ዘብ» የተባለው ፊልም ደግሞ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ተወስዷል። «የቀን ዘብ» የሚባል ሌላ መጽሐፍ አለ፤ ፊልሙን አይቶ ያንን የገዛ ሰው ፈጽሞ ሌላ ታሪክ ያገኛል፤ እንዳይደናገሩ። ትልቁ ለውጥ አንቶንና ዬጎርን የሚያስተሳስረው ነገር ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ለውጭ ተመልካች ፊልሙ ካደረጋቸው ሁሉ የበጀው ውሳኔ ይህ ይመስለናል፤ ስለ ውሉ ምንም ያልገባው ሰው እንኳ የመጨረሻውን ትዕይንት ሲያይ ልቡ ይነካል። መጽሐፉ በአንጻሩ አንቶን ከራሱ ጋር የሚሟገትበት፣ ብርሃን ነን የሚሉት የሚሠሩት በደል የሚመዘንበት ነው። ፊልሙ ለዚህ ጊዜ የለውም። የእንግሊዝኛው ትርጉም በአንድሩ ብሮምፊልድ ተሠርቶ በ2006 ወጥቷል፤ ንባቡ አይከብድም። ተከታታይ መጻሕፍቱ እስከ 2014 ስድስት ልቦለድ ደርሰዋል።


ጥያቄ፦ ሩሲያውያን ተረትና ምናብ ለረጅም ዘመን ሲቀርጹ ኖረዋል ይባላል። ከዚህ ፊልም ሌላ ድንበር የተሻገረ አለ? ውጭ እንዲወደድ የሚያደርገውስ የውጭ ተዋናይ ማስገባት ነው?

መልስ፦ የተሻገረ አለ። ከሁሉ የሚያስተምረው የአሌክሳንደር ሮው «ሞሮዝኮ» (1964) ነው። ቼኮዝሎቫኪያ ውስጥ በቼክኛ ድምፅ በጥንቃቄ ተተርጉሞ ታየ፤ በቴሌቪዥን በአዲስ ዓመት ሰሞን እየተደጋገመ እስከ ዛሬ የቼክ ቤተሰቦች የበዓል ፊልም ሆኖ ቀረ። ያው ፊልም አሜሪካ ውስጥ «ጃክ ፍሮስት» ተብሎ በእንግሊዝኛ ድምፅ ተለጠፈበት፤ በስተኋላም ፊልሞችን እያሳየ የሚቀልድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም መሳለቂያ ሆነ። ምስሉ አንድ ነው፤ ንፉግ የእንጀራ እናት፣ ጭንቅላቱ የድብ ጭንቅላት የሆነበት ኩሩ ጎረምሳ፣ በዶሮ እግር የሚቆም ጎጆ። የተለየው የድምፁ ጥራት፣ የታየበት ሰዓትና የተመልካቹ ዝግጅት ነው። ቼኮች እንደ ተረት ተቀበሉት፤ አሜሪካኖች እንደ ተራ የጀብዱ ፊልም ጠበቁት።

ከሱ ቀደም ብሎ የዳይሬክተሩ የፕቱሽኮ «ሳድኮ» በ1953 በቬኒስ የብር አንበሳ ተሸልሟል። አሜሪካ ግን በ1962 ሲገባ ተቆራርጦ፣ የሩሲያው ጀግና ሳድኮ «ሲንባድ» ተብሎ ነበር የታየው። አገሩን ደብቆ የመሸጥ ልማድ ያኔም ነበር።

የውጭ ተዋናይ ማስገባትን በተመለከተ፣ ከደራሲው ከጎጎል አጭር ልቦለድ የተወሰደው የኦሌግ ስቴፕቼንኮ «ቪይ» (2014) እንግሊዛዊውን ጄሰን ፍሌሚንግን መሪ አድርጎ ተሠራ፤ በሩሲያ ከ1 ቢሊዮን ሩብል በላይ አስገባ። በ2019 የወጣው ተከታዩ ጃኪ ቻንንና አርኖልድ ሽዋርዜኔገርን ጨመረ፣ ከቻይና ጋር በጋራ ተሠራ፤ ወጪውን ግን አልመለሰም። ኮከቦቹ የሚታዩት ለጥቂት ትዕይንት ነው፤ ፊልሙም የሩሲያ ነው ወይስ የቻይና ወይስ የእንግሊዝ ሳይለይ ያልቃል። ለሁሉም እንዲሆን ተብሎ የተሠራ ነገር ማንንም ሳይዝ ቀረ።

የውጭ ተዋናይ ታሪኩ ሲጠይቀው ግን ሌላ ነው። የማይክል ሎክሺን «ማስተርና ማርጋሪታ» (ጃንዋሪ 2024) ውስጥ ወደ ሞስኮ የሚመጣውን ባዕድ ቮላንድን የሚጫወተው ጀርመናዊው ኦገስት ዲል ነው፤ የጲላጦስ ትዕይንቶች በላቲንና በአራማይክ ይነገራሉ። ባዕድ የሆነው ባዕድ መሆን ስላለበት ነው። ፊልሙ 1.2 ቢሊዮን ሩብል ገደማ ፈጅቶ በአገሩ ከ2 ቢሊዮን በላይ አገኘ። በውጭ ስርጭቱ የገጠመው እንቅፋት ግን ከጥራቱ ጋር አይያያዝም፤ ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን ከወረረች በኋላ የአሜሪካ ስቱዲዮዎች ከሩሲያ ገበያ ወጡ፣ የዚህ ፊልም አጋር የነበረው ዩኒቨርሳልም አብሮ ወጣ። ስለዚህ ከ2022 ወዲህ የወጡትን የሩሲያ ፊልሞች በውጭ ገቢያቸው መመዘን ሚዛናዊ አይሆንም፤ ብዙዎቹ ለመወዳደር ሲኒማ ቤት አልደረሱም።


ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ ከእኔ ጋር ሊያየው ይፈልጋል። ይፈቀድለት? ሦስተኛ ክፍልስ አለው?

መልስ፦ «የሌሊት ዘብ» አይሆነውም። አሜሪካ ውስጥ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ እንዳይገባ ተብሎ የተመደበ ነው፤ ምክንያቱም ደሙ ብቻ አይደለም። መክፈቻው አካባቢ ያልተወለደ ሕፃንን ለመግደል የሚደረግ አስማት አለ፤ እንዲሁም የሚታደነው የእሱ እኩያ የሆነ ልጅ ነው፤ ለ11 ዓመት ልጅ ከማንኛውም ጭራቅ የበለጠ የሚያስፈራው ይህ ነው። በምትኩ «ሞሮዝኮ»ን ያሳዩት፤ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ነው፣ አጠገቡ ሆነው እየተረጎሙለት ሊያዩት ይችላሉ።

ሦስተኛው ፊልም በእንግሊዝኛ ሊሠራ ታቅዶ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ወደ ሆሊውድ ሥራው ካመራ በኋላ ሳይቀረጽ ቀረ። የአንቶን ታሪክ በስክሪን ላይ የሚያበቃው «የቀን ዘብ» ላይ ነው።